ከቤተ ሙከራ ወደ ፋብሪካ፤ የኢንሱሊን ውል ታሪክ

አንድ መድኃኒት በዩኒቨርሲቲ ተገኘ ማለት በሽተኛው እጅ ገባ ማለት አይደለም። በመካከሉ ማጣራት፣ መመዘንና በብዛት ማምረት የሚባል ረጅም መንገድ አለ። ይህን መንገድ ዩኒቨርሲቲው ብቻውን አይዘልቀውም፤ ለፋብሪካው ብቻ ቢተውለትም የሕዝብ ጥቅም ሊጓደል ይችላል። ለዚህ የኢንሱሊን ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው።

ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በካናዳ፣ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ጆን ማክላውድ ቤተ ሙከራ ሥራቸውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1921 ነበር። በጃንዋሪ 1922 ከእንስሳት ቆሽት የወጣው ንጥር ለ14 ዓመቱ የስኳር በሽተኛ ለሌናርድ ቶምፕሰን ተወጋ፤ ሆኖም ብዙ አልረዳውም። ከ12 ቀን በኋላ ጄምስ ኮሊፕ አጣርቶ ያዘጋጀው ሲሰጠው ግን በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወረደ።

ደስታው አልሰነበተም። ዩኒቨርሲቲው በኮኖት ላቦራቶሪው መድኃኒቱን በብዛት ለማምረት ሲሞክር፣ በትንሹ የሠመረው ዘዴ በትልቁ ከሸፈ፤ ኮሊፕ ራሱም ያንኑ ንጥር መልሶ ማዘጋጀት ተሳነው። ሞት ደጃቸው የቆመ ሕሙማን ግን ይጠባበቁ ነበር። ስለሆነም ዩኒቨርሲቲው በሜይ 1922 ኢንዲያናፖሊስ ከሚገኘው ከኢላይ ሊሊ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። በዚያው ዓመት መገባደጃ የኩባንያው ኬሚስት ጆርጅ ዋልደን የፈሳሹን የአሲድነት መጠን በማስተካከል ኢንሱሊኑ ተለይቶ እንዲዘቅጥ የሚያደርግ ዘዴ አገኘ። ከዚያም ወዲህ ይበልጥ ንጹሕና ኃይሉን ጠብቆ የሚቆይ መድኃኒት በብዛት ለማምረት ተቻለ።

ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው የውሉ ይዘት ነው። ኩባንያው በተወሰነለት ክልል ብቻውን እንዲያመርት የተፈቀደለት ለአንድ ዓመት የሙከራ ጊዜ ነበር። ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ በ1923 የአሜሪካ ፓተንታቸውን እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ለዩኒቨርሲቲው አስተላለፉ። የዩኒቨርሲቲው የኢንሱሊን ኮሚቴም ለሌሎች አምራቾች ፈቃድ ሰጠ፤ የመድኃኒቱን ኃይልና ጥራት ተቆጣጠረ። እንዲህም ፓተንቱ የአንድ ነጋዴ ርስት መሆኑ ቀርቶ የሕሙማን ዋስትና ሆነ።

ይሁን እንጂ የመሥራቾቹ ለጋስነት ለዘለዓለም አልበቃም። የመጀመሪያው ፓተንት ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል፤ በኋላ የመጡት የኢንሱሊን ዓይነቶች አብዛኛው ምርት ዛሬ በጥቂት ኩባንያዎች እጅ በመሆኑ፣ በብዙ አገሮች ዋጋው ለድኃው ከባድ ነው። እንግዲህ ከፋብሪካ ጋር የሚዋዋል ዩኒቨርሲቲ ማን እንደሚያመርት፣ ጥራቱን ማን እንደሚቆጣጠር፣ መብቱም ለስንት ጊዜ እንደሚጸና ከፊርማው በፊት ሊወስን ይገባል። ግኝት የሕዝብ ሀብት ሆኖ የሚቆየው ቃሉ በጽሑፍ ሲታሰርና ያም ጽሑፍ ጠባቂ ሲኖረው ነው።