ልደታ፦ የአዲስ አበባ የቀድሞ የሰማይ በር

ልደታ ክፍለ ከተማ 9 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ከአዲስ አበባ ትንንሽ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። ስሙን ያገኘው ግንቦት 1 ቀን ከሚነግሠው የልደታ ለማርያም ደብር ነው። በዕለቱ ጎረቤት ደጅ ወጥቶ ንፍሮ የሚቃመስበት ልማድ በብዙ አካባቢ የታወቀ ቢሆንም፣ የሰፈሩ ስም ዛሬ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በሰፈሩ የሚገኘው የፍርድ ቤት ችሎት ነው።

የባሕር ዳርቻ ከተሞች በወደባቸው ይታወቃሉ። ባሕር በሌላት አዲስ አበባ ግን የወደብን ድርሻ ከባቡር ጣቢያው ጋር የተጋራው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን ከዚሁ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ማረፊያው ግን የጄት ዘመንን አልተሻገረም። ለቦይንግ 720 የማይበቃ በመሆኑ ቦሌ ተሠራ፤ ጄቶቹም በ1955 ዓ.ም. ሲገቡ ልደታ ለሠራዊቱ ቀረ።

የአካባቢው ሌላ መለያ ሜክሲኮ አደባባይ ነው። አደባባዩ በስሟ የተሰየመላት ሜክሲኮ ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ ያደረገችውን ወረራ አልቀበልም ያለች አገር ናት፤ በሜክሲኮ ሲቲም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይ አለ።

የሰፈሩን መልክ ከሁሉ በላይ የወሰነው ግን የ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ይመስላል። ከተወረሱት የኪራይ ቤቶች አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ለቀበሌ ተላለፉ፤ ኪራዩ ዝቅተኛ ስለነበር ለጥገና አልበቃም። ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ግድግዳ ገንዘብ ለማውጣት ምክንያት አልነበረውም። የጭቃው ቤት ከዓመት ዓመት ዘመመ፤ ኩሽናውና መጸዳጃው የጋራ ሆኖ ኖረ። ይኸው ጥበት ቡና የሚያጠራራ ጉርብትናና ጽኑ ዕድር አፈራ፤ በፕላን ላይ ግን የሚታየው እርጅናው ብቻ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መልሶ ማልማቱ ሲደርስ ሰፊ መንደር ፈርሶ ኮንዶሚኒየምና የንግድ ሕንፃ ተተካ፤ ከነዋሪውም ብዙው ወደ ከተማዋ ዳር ተበተነ። ቤቱ ተሻሻለ፤ ዕድሩን ግን ካርታ ይዞ ማዛወር አልተቻለም።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ለልደታ መተላለፊያነቱን መለሰለት። ከስታዲየም ጀምሮ በአንድ ሐዲድ የሚመጡት ሁለት መስመሮች እዚህ ይለያያሉ፤ አንዱ ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው በአብነት በኩል ወደ ምኒልክ አደባባይ።