አድፋጭ ካሜራ

ስታዲየም ዙሪያ ለሚውል ሰው ካሜራ ማለት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ኳስ ሲኖር ከጎል ጀርባ የሚቀመጡት ፎቶ አንሺዎች የሚይዙት ነው። ሌላው በየባንኩና በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሎ ሌት ተቀን የሚቀዳው ሴኩሪቲ ካሜራ ነው። ሦስተኛውን ዓይነት የከተማ ሰው ብዙም አያውቀውም። ጫካ ገብቶ ዛፍ ላይ ይታሰራል፤ እንቅልፉን ይተኛል፤ ሙቀት ያለው አካል ከፊቱ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነቅቶ ፎቶ ያነሳና መልሶ ይተኛል። አጠገቡ የሚቆም ሰው የለም። ወር ሁለት ወር ቆይቶ ባለቤቱ ካርዱን ሊያወጣ ይመጣል።

ይህን መሣሪያ ተመራማሪዎች «ካሜራ ትራፕ»፣ አዳኞች ደግሞ «ትሬይል ካሜራ» ይሉታል። በአማርኛ «አድፋጭ ካሜራ» ብንለው ይስማማዋል ባይ ነኝ። ማድፈጥ የአዳኝ ቃል ነው፤ ድምፅ አጥፍቶ፣ ነፋሱን አይቶ፣ አውሬው በእግሩ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። መሣሪያውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «ወጥመድ ካሜራ» የሚለውን ትርጉም አልመርጠውም። በፓርኮቻችን ወጥመድ ማለት ስካውቶች ከጫካ እየለቀሙ የሚያወጡት የሽቦ ማነቂያ ነውና፣ ለቀበሌ «ወጥመድ ልንተክል ነው» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሥራውን በጥርጣሬ ይጀምራል።

መሣሪያው ምን እንደሚፈይድ ለማየት ከአልጣሽ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በአማራ ክልል፣ በምዕራብ ጎንደር ቋራ ውስጥ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ጋር ድንበር ተጋርቶ የተዘረጋ 2,666 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ቆላ ነው። ፓርክ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ነው። አንበሳ እንዳለበት የአካባቢው ሰው ይናገር ነበር። ዓለም አቀፉ የአንበሳ ካርታ ግን የሰው አፍ አይቀበልምና ቦታው አንበሳ የተረጋገጠበት ተብሎ አልተመዘገበም። በ2008 ዓ.ም. በተመራማሪው ሃንስ ባወር የተመራና ቦርን ፍሪ ፋውንዴሽን የደገፈው ቡድን ወደ አልጣሽ ወረደ። የአንበሳ ዱካ አገኘ፤ አድፋጭ ካሜራዎቹም አንበሶቹን አነሱ። ዜናው በዚያው ዓመት ጥር መጨረሻ ላይ ይፋ ሲሆን ዓለም ሁሉ ተቀባበለው። ባወር በአልጣሽና በዲንደር በድምሩ ከ100 እስከ 200 አንበሳ፣ በአልጣሽ ብቻ ደግሞ ከ27 እስከ 54 ሊኖር እንደሚችል ገመተ። ይህ ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም። የአንበሳው መኖር ግን ከዚያ በኋላ አከራካሪ መሆኑ ቀረ።

ነገሩን ከእኛ የአደን ባህል ጋር ሳያይዘው ትልቅነቱ የሚገባው ሰው ያለ አይመስለኝም። በእኛ አገር አንበሳ መኖሩም፣ ሰውየው ጀግና መሆኑም የሚረጋገጠው በግዳይ ነበር። ጎፈሩ ራስ ላይ ይደረጋል፤ ይፎከራል፤ ይሸለማል። ማስረጃው የሞተው አውሬ ነበር። በአልጣሽ ግን ማስረጃው ቀንና ሰዓት የታተመበት ፎቶ ሆነ፤ አንበሳውም መንገዱን ቀጠለ። ለእኔ አድፋጭ ካሜራ አማርኛ ስም ሊኖረው የሚገባበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

መሣሪያው ራሱ ከአዳኝ እጅ የወጣ ነው። ጆርጅ ሺራስ የተባለው አሜሪካዊ የሕግ ሰውና አዳኝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጠመንጃውን አስቀምጦ፣ በአጋዘን መንገድ ላይ ሲባጎ እየወጠረ፣ እንስሳው ሲነካው ብልጭታ የሚፈነዳበትን ዘዴ ዘረጋ። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በ1906 እ.ኤ.አ. 74 ፎቶዎቹን በአንድ እትም አወጣለት። ዛሬ በታንዛኒያው ሴሬንጌቲ አንድ ጥናት ብቻ 225 ካሜራ ተክሏል። በሲባጎው ፋንታ የገባው ሙቀትና እንቅስቃሴን የሚለይ ሴንሰር ነው። ሲገዛም ሲሰቀልም የሚፈጠረው አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ይህን ሴንሰር ካለማወቅ ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ።

ሴንሰሩ አውሬን አያውቅም። የሚያውቀው ከፊቱ ያለው ሙቀት በድንገት ሲለዋወጥ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ እንስሳው መንቀሳቀስ አለበት፤ ገላውም ከጀርባው ካለው መሬትና ቅጠል የተለየ ሙቀት ሊኖረው ይገባል። እንደ አልጣሽ ባለ ቆላ በበጋ እኩለ ቀን አየሩና ድንጋዩ ከእንስሳው ገላ ጋር በሙቀት ይስተካከላሉ። ያን ጊዜ ጎሽ እንኳ ከፊቱ ቢያልፍ ካሜራው ላይነቃ ይችላል። ተቃራኒውም አለ። ፀሐይ ያሞቀው ረጅም ሣር ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ካሜራው እየነቃ በሺህ የሚቆጠር ባዶ ፎቶ ያነሳል፤ ባትሪው ያልቃል፤ ካርዱ ይሞላል። ከካሜራው ፊት ያለውን ሣር እስከ ጥቂት ሜትር ማጨድ ውድ ካሜራ ከመግዛት ይበልጥ ይጠቅማል።

ምርጫው ላይ ሻጭ መጀመሪያ የሚጠራላችሁ ሜጋፒክስል ነው። እሱን ወደ ኋላ አድርጉት። መጀመሪያ የሚጠየቀው ካሜራው ከነቃ በኋላ ፎቶ ለማንሳት ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል የሚለው ነው። ግማሽ ሰከንድና ከዚያ በታች ከሆነ መልካም ነው፤ ከአንድ ሰከንድ ካለፈ ግን የምታገኙት የነብሩን ጅራት ነው። ቀጥሎ አንድ ፎቶ አንስቶ ለሁለተኛው ለመዘጋጀት የሚወስድበት ጊዜ ይታያል፤ ጥጃ እናቷን ተከትላ የምትመጣው በዚያ መካከል ነውና። ሦስተኛው የሌሊት ብርሃኑ ነው። 850 ናኖሜትር የሚባለው ኢንፍራሬድ ሩቅ ያበራል፤ ነገር ግን ደብዛዛ ቀይ ፍም ይታያል። 940 ናኖሜትር የሚባለው ለሰው ዓይን አይታይም፤ ርቀቱ ግን ያጥራል። ሌባ ለሚያሰጋበት ጫካ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የነብርን ነጠብጣብ አይቶ ይህ ያኛው ነው ለማለት ለሚፈልግ ደግሞ በነጭ ብልጭታ በቀለም የሚያነሳው ይሻላል።

ባትሪን በርካሽ ማሳለፍ አያዋጣም። በባሌ ሳነቴ አምባ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ተራው አልካላይን ባትሪ በዚያ ብርድ ይደክማል፤ ሊቲየሙ ይቋቋማል። በሲም ካርድ ፎቶ የሚልኩትም አሉ። ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ውስጥ ግን ተጨማሪ ገንዘብ የወጣበት ተራ ካሜራ ከመሆን አያልፉም።

አሰቃቀሉ ላይ ዋናው ጥያቄ አውሬው በየት ያልፋል የሚለው ነው። ጎበዝ የኳስ ፎቶ አንሺ ኳሱን ሜዳው ሙሉ አያሳድድም፤ ወደሚመጣበት ጎል ሄዶ ይቀመጣል። አድፋጭ ካሜራም የሚሰቀለው የውኃ መውረጃ፣ የሁለት መንገድ መገናኛ፣ በገደል የጠበበ ማለፊያ ወይም አውሬው ልጡን የሚፍቅበት ዛፍ ፈልጎ ነው። ከመንገዱ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ይራቅ። ለነብርና ለጅብ በሰው ጉልበት ቁመት፣ ለትልልቅ አጋዘኖች ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታሰር። መንገዱን በቀጥታ ከሚቆርጥ ይልቅ በሰያፍ ዘንበል ብሎ ወደ መንገዱ ቢያይ እንስሳው በፎቶው ውስጥ ይቆያል። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ማዞር ጥሩ አይደለም፤ የማለዳና የማታ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች፤ አውሬ የሚንቀሳቀሰውም በዚያው ሰዓት ነው። ሰሜን ወይም ደቡብ ይየው። ዛፉ ነፋስ የማያወዛውዘው ወፍራም ይሁን። ሳነቴ ላይ ዛፍ ስለሌለ ብረት ይተከላል ወይም ድንጋይ ይካባል። ታስሮ ካበቃ በኋላ አንድ ሰው በአራት እግሩ እየዳኸ ከፊቱ ይለፍ፤ ካሜራው ካልነቃለት አሰቃቀሉ ይስተካከል።

የነብር ነጠብጣብ በግራና በቀኝ ጎኑ አንድ ዓይነት አይደለም። በአንድ ካሜራ ግራውን ዛሬ፣ ቀኙን በሳምንቱ ያነሳ ሰው አንዱን ነብር ሁለት ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ ለቆጠራ መንገዱን ከግራና ከቀኝ የሚያዩ ሁለት ካሜራዎች ያስፈልጋሉ፤ የአንዱ ብልጭታ ሌላውን እንዳያሳውር ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ፈቀቅ ተደርገው።

በእኛ አገር የሚያጋጥም አንድ ጣጣ ደግሞ አለ፤ ሰዓቱ። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጅ ቀንና ሰዓት ነው። ፎቶው ላይ 19:40 የሚል ከታተመ በእኛ ምሽት 1:40 ነው። ከአምስት ካሜራ ሦስቱን አንዱ ባለሙያ በፈረንጅ፣ ሁለቱን ሌላው በሐበሻ ሰዓት ከሞላቸው ጅቡ በጠራራ ፀሐይ የሚዞር ይመስላል። ሁሉንም በፈረንጅ ሞልቶ፣ ትርጉሙን ሪፖርት ሲጻፍ መሥራት ይሻላል።

አሁን ወደ አደኑ። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳ የሚታደነው በፈቃድ ነው። በአደን ቀጠናዎች ከሚፈለጉት አንዱ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና አሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው የደጋ አጋዘን ነው። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው፤ ዕድሜው ሲገፋ ጸጉሩ እየጠቆረ፣ ቀንዱም እየተጠማዘዘ ይረዝማል። አዳኝ የሚፈልገው ይህን ሽማግሌ ወንድ ነው፤ ለዘሩም የሚሻለው ጎልማሳው ቀርቶ እሱ ቢሄድ ነው። በአስታና በኮሶ ጫካ ውስጥ ግን በጭጋግ መካከል ለአፍታ የታየን አጋዘን ዕድሜ መለየት አስቸጋሪ ነው። ከአደኑ ወቅት በፊት የተሰቀለ አድፋጭ ካሜራ ወንዶቹን አንድ በአንድ፣ ቀንዳቸውን ከፊትና ከጎን ያሳያል። ያኔ አዳኙ የቱን እንደሚመታ፣ የቱን እንደሚተው አስቀድሞ ያውቃል።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። አደን አስጎብኚ ድርጅቶች ካሜራ የሚሰቅሉት ለደንበኛቸው ጥሩ ቀንድ ለማግኘት ብቻ ከሆነ የመሣሪያው ግማሽ ጥቅም ባከነ። ያው ካርድ እንስቶችንና ግልገሎችን፣ ነብሩንም፣ ጫካ የገባውን ከብትም መዝግቧል። ኮታ የሚተመነው እንስሳው ስንት እንደሆነ ታውቆ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ደግሞ በዓይን መቁጠር አይታመንም። የእንስሳቱ ፎቶ ሁሉ፣ ቀንድ የሌለውም ጭምር፣ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን መድረስ አለበት፤ ፈቃድ ሲታደስ ከግዴታዎቹ አንዱ ሊሆን ይገባል።

ካርዱ ላይ አውሬ ብቻ አይገኝም። እንጨት የተሸከመች ሴት፣ ቀፎ ሊያይ የገባ ገበሬ፣ ከብት ያስገባ እረኛ ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች ፎቶ ልንሳ አላሉም። ስለዚህ ካሜራ ከመሰቀሉ በፊት ለቀበሌውና ለሽማግሌዎቹ የት አካባቢ፣ ለምን፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ ይነገር፤ የሰው ፎቶ ከካርዱ ይሰረዝ። ከጫካው ጋር የሚኖረው ሰው በካሜራው የሚከሰስበት ከመሰለው በማግስቱ በድንጋይ ይሰብረዋል፤ አልፈርድበትምም። ቁልፍና የብረት ሳጥን ከሌባ፣ ከዝንጀሮና ከጅብ ጥርስ ያድናሉ። ከተቆጣ መንደር ግን አያድኑም።

አዲስ አበባስ? በ2011 ዓ.ም. የኬንያው ላይኪፒያ ጥቁር ነብር በአድፋጭ ካሜራ ተነሳ ተብሎ ዓለም ሲያወራ ተመራማሪዎቹ ያስታወሱት ቀዳሚ ፎቶ በ1909 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተነሳ ነበር ብል ዓመተ ምሕረቱ ያደናግራችኋልና በአንድ አቆጣጠር ላስቀምጠው፤ የኬንያው ዜና የወጣው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛው ፎቶ ከዚያ 110 ዓመት ይቀድማል። አማርኛ ለዚህ አውሬ «ግስላ» የሚል የራሱ ስም ያለው በከንቱ አይደለም። ዛሬ ዋና ከተማዋ የቀራት ጅብ ነው። ከእንጦጦ ጫካና ከየወንዙ ዳር ጎሬው ወጥቶ ሌሊት ቆሻሻ ይለቅማል፤ ሰውም ይፈራዋል። ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ወንዝ ወርዶ በየትኛው እንደሚመለስ በወሬ ከምንከራከር፣ ከእንጦጦ ግርጌ ጀምሮ በፍልውሃ በኩል እስከሚወርደው ባንተይቀጡ ድረስ ባሉት የወንዝ ዳርቻዎች ጥቂት አድፋጭ ካሜራዎች አንድ በጋ ቢቆዩ መልሱ ይገኛል። የጅብ ነጠብጣብም እንደ ነብሩ ከአንዱ አንዱ ይለያል።

ጫካ ስትሄዱ ዛፍ ላይ የታሰረ አረንጓዴ ሳጥን ካያችሁ አትንኩት፤ ከፊቱም አትቁሙ። ያለፈቃድ የተሰቀለ ከመሰላችሁ ቦታውን ለፓርኩ ስካውት ወይም ለቀበሌው ንገሩ።