ወንዝን የሚጠብቅ ገንዳ

«ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ» ይላል የአገራችን ሰው። ዛሬም የአንዲት ትንሽ ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ወንዝን እንዴት እንደሚጠብቅ ስንነጋገር ነገሩን ከሥሩ ልንጀምር ይገባናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሎንዶን ከተማ እድፍ ወደ ቴምዝ ወንዝ ይወርድ ስለ ነበር፥ በ1858 በሰኔ ወር ሙቀት ክርፋቱ እጅግ በረታ። በወንዙ ዳር ያለው ምክር ቤት ሽታውን ለመከላከል መጋረጃዎቹን በኖራ መድኃኒት እስከ መንከር ደረሰ። ከዚህ በኋላ ጆሴፍ ባዛልጌት የተባለው መሐንዲስ በምድር ውስጥ ታላላቅ ቦዮች ሠርቶ እድፉ ከከተማው በታች ርቆ እንዲፈስ አደረገ። ሎንዶን ዳነች፤ ወንዙ ግን አልዳነም። እድፉ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋምና። የራስን ደጅ ጠርጎ በጎረቤት ደጅ መድፋት ጽዳት ይባላልን?

ለመሆኑ እድፍ ወንዝን የሚገድለው እንዴት ነው? ዓሣ የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፥ በባሕር ወለል ከፍታና በ20 ዲግሪ ሙቀት፥ የሚይዘው 9 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ከቤት የወጣ አንድ ሊትር ፍሳሽ ግን ጥቃቅን ተሐዋስያን ሲበሉት በ5 ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ 200 ሚሊግራምና ከዚያም በላይ ይፈጃል። እንግዲህ አንድ ሊትር ፍሳሽ ከ20 ሊትር የሚበልጥ የወንዝ ውሃ እስትንፋስ ይነጥቃል ማለት ነው።

መድኃኒቱ የተገኘው በማንችስተር ነው። ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት የተባሉ ኬሚስቶች በጠርሙስ ባለ ፍሳሽ ላይ አየር ቢነፉበት፥ ፈጽሞ እስኪጣራ ድረስ አምስት ሳምንት ያህል ፈጀ። የጠራውን ውሃ ቀድተው፥ ዝቃጩን ግን ሳይደፉ አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። ይህን ደጋግመው ቢያደርጉ የአምስት ሳምንቱ ሥራ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ተፈጸመ። ውጤቱንም በ1914 አስታወቁ። ሰው ሁሉ እንደ ጉድፍ ይቆጥረው የነበረው ዝቃጭ ለካ የሠራተኞች ማኅበር ኖሯል! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። በ1916ም ከማንችስተር እጅግ የምታንሰው የዉስተር ከተማ፥ በአሜሪካም ትንሿ ሳን ማርኮስ ይህንኑ ዘዴ ሥራ ላይ አዋሉት።

ዛሬም የዚህ ዓይነት ማጣሪያ ሥራው ይኸው ነው። ፍሳሹ በብረት ፍርግርግ ሲያልፍ ጨርቁና እንጨቱ ይቀራል፤ ቀጥሎ አሸዋው፥ ከዚያም ከባዱ ጉድፍ ይዘቅጣል። አየር በሚነፋበት ገንዳ ውስጥ ተሐዋስያኑ የሟሟውን እድፍ ይበሉታል። በመጨረሻው ገንዳ እነርሱ ራሳቸው ይዘቅጡና ከፊላቸው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፤ የጠራው ውሃም ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ውሃው የሚጠጣ አይደለም፤ ነገር ግን ወንዙን አያንቀውም። ወንዝ በብዙ ቀን ጉዞ የሚሠራውን ገንዳው በጥቂት ሰዓት ይፈጽመዋል።

ምን ያህል ቢጠራ ይበቃል? በ1912 የእንግሊዝ ንጉሣዊ ኮሚሲዮን፥ ከማጣሪያ የሚወጣው ውሃ በሊትር ከ30 ሚሊግራም የበለጠ ጉድፍ እንዳይዝ፥ በ5 ቀንም ከ20 ሚሊግራም የበለጠ ኦክሲጅን እንዳይፈጅ ሐሳብ አቀረበ። ይህን ያለው ግን የሚቀበለው ወንዝ ቢያንስ ስምንት እጥፍ እንዲሆን አስቦ ነው።

ነገሩ እኛን የሚነካን እዚህ ላይ ነው። በደጋው አገራችን አየሩ ስስ ስለ ሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክሲጅን ያንሳል፤ ጅረቶቻችንም በበጋ ይቀጥናሉ። ታዲያ ስምንቱ እጥፍ ከየት ይመጣል? በአዲስ አበባ የሚያልፈው የአቃቂ ውሃ ወደ አዋሽ ይገባል፤ በአዋሽም ዳር ከብቱን የሚያጠጣ፥ እርሻውን የሚያለማ ወገን አለ። ስለዚህ «ከተማችን ትንሽ ናት፥ ማጣሪያ ምን ያደርግላታል?» ለሚል ሰው መልሱ፥ መመዘን ያለበት የከተማዋ ትንሽነት ሳይሆን የወንዟ ቅጥነት ነው የሚል ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ በጀት የምታዘጋጁ አንባብያን ሆይ፥ አንድ ነገር አስቡ። አየር የሚነፋው ሞተር ቢቆም ተሐዋስያኑ በእስትንፋስ እጦት ያልቃሉ፤ እድፉም እንደ ጥንቱ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ማጣሪያው በተመረቀ ዕለት የሚጨበጨብለት ሕንፃው ነው፤ ወንዙን በየቀኑ የሚጠብቀው ግን ለኤሌክትሪኩና ለሠራተኛው ደመወዝ የሚመደበው ገንዘብ ነው። ከታች ውሃ የሚቀዳው ሰው ስማችንን አያውቅም፤ ሥራችንን ግን በእንስራው ያገኘዋል።