ሉህ (ጭን ላይ የሚጻፍበት ሰሌዳ)

ሉህ የቁርኣን ተማሪ ጭኑ ላይ አጋድሞ የሚጽፍበት፣ የጻፈውን የሚያጠናበት፣ ካጠናም በኋላ በውሃ የሚያጥበው የእንጨት ሰሌዳ ነው። ስሙ ዐረብኛ ቢሆንም ለአማርኛ ባዕድ አይደለም፤ ኮምፒውተር ላይ «የተመን ሉህ» የሚል ሰው ይህንኑ ቃል ነው የሚጠራው። ዕቃውን የወሎና የሐረር የቁርኣን ተማሪዎችም ያውቁታል። በምሥራቅ ሱዳን፣ ከኸሽም ኤል ቂርባ እስከ ገዳሪፍና የመተማ ድንበር፣ ሉህ የኸልዋ ዕቃ ነው። ኸልዋ የሚባለው የቁርኣን ትምህርት ቤት ሲሆን መምህሩ ፈኪ፣ ተማሪዎቹ ሂራን ይባላሉ። በዚህ ድንበር ለዘመናት የሰፈሩት ተክሩሮች ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ሲያልፉ የቀሩ ናቸው። ሐውሳ ተናጋሪዎቹ ሰሌዳውን «አሎ» ይሉታል፤ ቃሉ ያው ነው።

በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለዚህ ልክ የሚሆን ዕቃ የለም። ቁም ጸሐፊ ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፋል፤ አትሮንስም መጽሐፍ ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ የሚዘረጋ አይደለም። ሉህ ግን ጠረጴዛም ደብተርም ነው። አሠራሩ ሁሉ የሚወሰነውም በመታጠቡ ነው።

በሱዳን ለሉህ የሚመረጠው ዛፍ ሄግሊግ ነው፤ በአማርኛ በደኖ ይባላል። እንጨቱ ጠንካራ፣ ቃጫው ደቃቅ፣ ለመጥረብ የማያስቸግር፣ ነፍሳት ቶሎ የማይደፍሩት ነው። ፍሬው ላሎብ ይባላል፤ ሥጋው ይመጠጣል፣ ከፍሬው ውስጥ የሚወጣው ጠንካራ ዘር ደግሞ ተበስቶ የሱፊዎች ረጅም መቁጠሪያ ይሆናል። እንግዲህ ልጁ የሚጽፍበትና ሽማግሌው የሚቆጥርበት ከአንድ ዛፍ ይወጣሉ።

ከቁርጥራጭ እንጨት ሉህ ለመሥራት የሚያስፈልገው አንድ ወጥ ጣውላ ነው። ኮምፔንሳቶ አይሆንም፤ በየጊዜው ሲታጠብ ሙጫው ይለቅና ንብርብሩ ይላቀቃል። ሁለት ጣውላ በሚስማር ማጋጠምም አያዋጣም፤ ሚስማሩ ይዝጋል፣ መጋጠሚያው ሲያብጥና ሲደርቅ ይከፈታል፣ ብዕሩም እዚያ ስንጥቅ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። ሌላ ከጠፋ የዕቃ ማሸጊያ ሳጥን ጥድ ይበቃል፣ ነገር ግን ጉጡ ሙጫ እያወጣ ቀለም አይቀበልም። አሮጌ በር ከተገኘ ቀለሙና ቫርኒሹ በፒያላ እስከ ነጩ እንጨት ድረስ መላግ አለበት። ይህን ቸል ማለት አይገባም፤ አሮጌ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፣ የሉህን እጣቢ ደግሞ የሚጠጣ ሰው አለ።

ልኩ የሚወሰደው ከልጁ ነው። እግሩን አጣጥፎ ሲቀመጥ ሰሌዳው ጭኑ ላይ አርፎ ላይኛው ጫፍ ከደረቱ ማለፍ የለበትም፤ እጀታውም በመዳፉ የሚጨበጥ መሆን አለበት። ቅርጹ በእርሳስ ተሥሎ በመጋዝ ይቆረጣል፣ ማንጠልጠያ ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይበሳል፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ገጹን ግን እንደ መስታወት ማለስለስ ስሕተት ነው፤ ቀለሙ የሚይዘው ጥቂት ሻከር ሲል ነው።

ቀለሙ ዓማር ይባላል። የድስት ጥላሸት ከሙጫና ከውሃ ጋር ይበጠበጣል። ሙጫው ዐረብ ሙጫ ነው፤ ሱዳን በዓለም ቀዳሚዋ አምራች ስትሆን ገዳሪፍም ሙጫው ከሚለቀምባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ይህ ሙጫ በውሃ ስለሚሟሟ ጽሑፉ ሲደርቅ ጠብቆ ይይዛል፣ ሲታጠብ ደግሞ ይለቃል። ብዕሩ የተቀረጸ ሸምበቆ ወይም አገዳ ነው። ፈኪው ለያንዳንዱ ተማሪ የየራሱን ክፍል በቃሉ ያስጽፋል፣ የተጻፈውን ያርማል፤ ማታ ሂራኑ ተቃባ በሚሉት እሳት ዙሪያ ሉሃቸውን ይዘው ያነባሉ። ተማሪው በቃሉ ከወጣው በኋላ ሉሁ ይታጠባል። እጣቢው ማሓያ ይባላል፤ ለበረከትና ለፈውስ ይጠጣል።

በኸሽም ኤል ቂርባ ሉሁ የሚታጠብበት ውሃ ራሱ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጠናቀቀው የከተማዋ ግድብ የቆመው በአትባራ ወንዝ ላይ ሲሆን፣ ከላስታ የሚነሣው ተከዜ ሰቲት ተብሎ ከግድቡ በላይ ይቀላቀለዋል። ግድቡ የተሠራው በአስዋን ከፍተኛ ግድብ ምክንያት ከዋዲ ሐልፋ ለተነሡ 50,000 ያህል ኑቢያውያን መስኖ እንዲሆን ነበር። ከደጋው የሚወርደው ደለል ከማጠራቀሚያው ሰፊ ክፍል ሞልቷል።

ተማሪው ከተወሰነ የቁርኣን ክፍል ሲደርስ ሉሁ በቀለማት ያጌጣል፤ ይህ ሸራፋ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1930 በኦምዱርማን የተወለደው ሠዓሊ ኢብራሂም ኤል ሳላሒ መጻፍና ማስጌጥ የጀመረው አባቱ በሚያስተምሩበት ኸልዋ፣ በሉህ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን የሚገኘው ቴት ሞደርን የሥራዎቹን ዐውደ ርእይ አሳይቷል።