በምጥ ሌሊት ማን አብሯት ይቆማል?

ለሴትዮዋ ስም አልሰጣትም። የቋሪት ናት ብትሉ፣ የደጋ ዳሞት ናት ብትሉ፣ ከቡሬ አልፎ ወደ ዓባይ የሚወርደው የወምበርማ ቆላ ሴት ናት ብትሉ ያው ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ብዙ እናቶች ያለፉበትን በአንዷ ላይ አድርጌ ልተርክላችሁ ነውና ጠጋ በሉ፣ ስሙኝ።

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ሴትዮዋ ወሯ ገብቷል። ከሰዓት በኋላ ወገቧን ያዝ ለቀቅ ሲያደርጋት ለማንም አልተነፈሰችም። እንስራዋን አዝላ ወንዝ ወረደች፣ ቀድታ ተመለሰች፣ ጥጃ አሰረች፣ ምጣዷን አስሳ ጋገረች። የምጥ ወሬ ከቤት ከወጣ ምጡ ይጠናል ይባላል፤ ሰው በሰማ ቁጥር ሰዓቱ ይረዝማል፣ ክፉ ዓይንም አለ። እና ዝም አለች። ባሏ እንኳ ያወቀው ከብት ከገባ በኋላ፣ ምሰሶውን ተደግፋ ከንፈሯን ነክሳ ሲያገኛት ነው።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ የሴቶች ነው። እሱ እናቱን ይጠራና ደጅ ይወጣል። ጎረቤቶች አንድ በአንድ ተከናንበው ይገባሉ። የቀበሌውን ግማሽ ልጅ በእጇ የተቀበለችው የልምድ አዋላጅ ከምድጃው አጠገብ ትቀመጣለች። እሳቱ ይነዳል፣ ለገንፎው ውኃ ይጣዳል፣ የምጧ ሴት መቀነት ይፈታል።

በጀርባዋ አትጋደምም። ትነሳለች፣ ትንጎራደዳለች፣ ምሰሶ ታቅፋለች። ሲያይልባት በጉልበቷ ትንበረከክና አንዷ ከኋላ ሆና ወገቧን ደግፋ ትይዛታለች። ላቧን የሚጠርግላት አለ፣ ሆዷን በቅቤ የሚያሽላት አለ፣ «አይዞሽ እታለም፣ እኔም እንዲሁ ሆኜ ነው የወለድሁት» የሚላት አለ። ቤቱ በአንድ አፍ «ማርያም! ማርያም! ማርያም ድረሽላት!» ይላል። ምጡ እንቢ ብሎ ሲቆይ ሴቶቹ ድንጋይ ተሸክመው ደጅ ወጥተው ይለምናሉ። እነሱም የሷን ሸክም ተሸክመናል፣ አንቺ ደግሞ አሳርፊያት ማለታቸው ነው።

ማርያምም ሰማች እንበል። ሊነጋጋ ሲል ልጁ ይወጣል፣ የእንግዴ ልጁም ተከትሎ ይወርዳል፣ እልልታው ከጎጆው አልፎ ከተራራው ማዶ ይሰማል። በብዙ ቦታ ለወንድ ሰባት ጊዜ፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል፤ ለሴቷም ሰባት ቢባል ደስ ይለኛል፣ ያችን ሌሊት ነገ የምትወርሰው እሷ ናትና። ገንፎው መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤ ይፈስበታል። የገባ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። አራሷ ብቻዋን አትተውም፣ እሳቷ አይጠፋም፣ አጥሚቷ አይቋረጥም፤ ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀን ክርስትና እስኪነሳ ድረስ ቤቱ ለእሷ ይቆማል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ብዙ ጊዜ ስለ ገጠር ወሊድ ሲወራ እንደ ጨለማ ብቻ ይወራል። ያ ጎጆ ግን የሚያውቀው ትልቅ ነገር ነበረው፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት ሰው ያስፈልጋታል፣ ደግሞም እንደልቧ መንቀሳቀስ አለባት። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ወሯ ሲደርስ ወደ እናቷ ቤት የምትሄደውም ለዚሁ ነው። ዓለም ይህን በጥናት እስኪያረጋግጥ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ሰፊ ግምገማ 26 ጥናቶችን፣ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶችን አንድ ላይ አድርጎ አየ። ከምጥ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሯት የሚቆም ሰው ያላት ሴት ምጧ እንደሚያጥር፣ በራሷ አቅም የመውለድ ዕድሏ እንደሚጨምር፣ በቀዶ ጥገና የመውለድ ዕድሏም እንደሚቀንስ አገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመቱ ባወጣው መመሪያ ወላዷ የመረጠችው ሰው አብሯት ይሁን፣ በምጥ ጊዜ ትንቀሳቀስ፣ የምትወልድበትንም አኳኋን ራሷ ትምረጥ አለ። የቋሪት ሴቶች ይህን ለማወቅ መመሪያ አላስፈለጋቸውም።

ጎጆው የማይችለው ግን ነበር፤ አሁን ወደዚያ ልግባ።

ምጡ አልፈታም እንበል። አንድ ሌሊት አለፈ፣ ሌላ ቀን መሸ። ልጁ መንገዱን ዘግቶ ተቀምጧል፤ ወይ ጭንቅላቱ ከዳሌዋ ጋር አልተገጣጠመም፣ ወይ አጓጉል ዞሯል። «ማርያም ማርያም» የሚለው ድምፅ እየሰለለ ሄደ። ለዚህ ነገር በቅቤ ማሸት አይፈይድም፣ ድንጋይ መሸከምም አያወርደውም። ወይም ደግሞ ልጁ በሰላም ወጥቶ፣ እልልታው ሳይበርድ፣ ከሴትዮዋ ደም ይወርድ ጀመር። ማህፀን ከወሊድ በኋላ ካልተኮማተረ ደሙ አይቆምም፤ ጤነኛዋን ሴት በሰዓታት ውስጥ ይወስዳታል። አራስ አርባ ቀን እስኪሞላት መቃብሯ አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል የሚሉት አሮጊቶች ይህን ስላዩ ነው።

ያኔ ቃሬዛ ይወጣል። ጎረምሶች ተሰብስበው አንስተዋት ይሄዳሉ፤ አራቱ ሲደክሙ ሌሎች አራት ይተካሉ። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። ብር ወንዝ ሞልቶ ከሆነ ከዳር ቆሞ መጠበቅ ነው፤ ውኃው ሲጎድል መሻገር ነው። በሽተኛ ይዞ ወንዝ ዳር መቆም ምን ያህል እንደሚያቃጥል የጎጃም ገበሬ ያውቀዋል። ከዋናው መንገድ ደርሰው መኪና ካገኙ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወይም ወደ ቡሬ ነው። በደህና ደርሳ የዳነች አለች፤ ከመንገድ የተመለሰች ቃሬዛም አለች።

በ1992 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት 871 እናቶች እንደሚሞቱ ገመተ። በዚያ ጊዜ በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ አምስት ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን ስትሰሙ እያንዳንዷን በቃሬዛ ላይ አስቡልኝ።

ከሞቱት ሌላ ያልሞቱ አሉ። ለሁለት፣ ለሦስት ቀን ያማጠች ሴት፣ የልጁ ጭንቅላት ፊኛዋን ከአጥንት ጋር ጨፍልቆ ደም ያሳጣዋል፤ ሥጋው ይሞትና ይቀደዳል። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወጣል። እሷ ሽንቷን መቆጣጠር አትችልም። ባል ይርቃል፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ታፍራለች፣ ገበያ ትቀራለች። ይህ ፊስቱላ ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ገብተው ዕድሜያቸውን የሰጡት ለእነዚህ ሴቶች ነው። ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2020 በ96 ዓመታቸው እዚሁ አገር አረፉ። ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2005 ከተከፈተ ወዲህ የጎጃም ሴት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ቀርቶላታል። አዲስ አበባ ሐምሊኖቹ ዘንድ ታካሚ ሆና የገባችው ማሚቱ ጋሼ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራት ቀዶ ጥገና ተምራ የሌሎችን ሴቶች ቁስል ስትጠግን ኖራለች። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚገርመኝ እሷ ናት።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ መንገዳችሁ ላይ ማንኩሳን ታገኛላችሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለድ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ የባለታሪኩ የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው በታመመ ጊዜ ለእግዚአብሔር የተሳሉት በዚያ አገር ነው። በዚያ አገር ልጅ በስለት ተወልዶ በስለት ያድግ ነበር፤ ሌላ መከታ አልነበረማ።

ከዚያ ወዲህ ግን መከታ መጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1996 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በየቀበሌው ጤና ኬላ ገቡ፤ አብዛኞቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸውና የማን ሚስት ስንት ወሯ እንደሆነ ያውቃሉ። የነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ ተባለና ቡና እየተፈላ፣ ሴቶቹ ተሰብስበው የሚወያዩበት ቀን ተቆረጠ። አምቡላንስ ለየወረዳው መጣ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ በነፃ ሆነ። በየጤና ጣቢያው ግቢ የእናቶች ማቆያ ተሠራ፤ ቤቷ የራቀ ሴት ወሯ ሲገባ መጥታ እዚያ ትቀመጣለች፣ ምጧ ሲመጣ ወንዝ አይዘጋባትም። በአገራችን ይህን አሠራር መጀመሪያ ያየነው ጉራጌ ውስጥ በአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር። በአማራ ክልል ገበሬው ለማቆያው ጤፍና በቆሎ አዋጥቷል። በ2008 ዓ.ም. ጥናት የእናቶች ሞት ወደ 412 ወርዶ ተገኘ። በ2011 ዓ.ም. በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 48 ደረሱ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

እንግዲያው ግማሾቹ ለምን ቀሩ?

ሴቶቹን ጠይቁ። ማቆያው መልካም ነው፣ ግን «ልጆቼን ማን ያበላልኛል? ላሟን ማን ያልባል?» ትላችኋለች። አምቡላንሱ ወሰደኝ፣ ማን ይመልሰኛል ትላችኋለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ዋናውን ትነግራችኋለች። እናቴን ከበር መለሷት። አልጋ ላይ በጀርባዬ አስተኝተው እግሬን ሰቀሉት። ገብቶ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው፣ ስሜን የጠየቀኝ የለም። ስጮህ ተቆጡኝ። የእንግዴ ልጁን የት እንዳደረሱት አላውቅም። ብርድ ነበር። ገንፎ አልነበረም። ይህች ሴት መድኃኒት የምትጠላ፣ ትምህርት ያልገባት አይደለችም። በቤቷ አሥር ሰው ከብቧት ማርያምን ሲጠራላት ኖሮ፣ እዚህ በዚያች ሰዓት ብቻዋን ቀረች። በጎጃም ሰው ዘንድ በምጥ ላይ ያለችን ሴት ብቻዋን መተው ከነውር ይቆጠራል።

እኔ አንድ ነገር አጥብቄ አምናለሁ። እናት ከሰውና ከሕይወቷ አንዱን ምረጪ መባል የለባትም። ማህፀን የሚያኮማትረው መድኃኒት ኦክሲቶሲኑም፣ ደሙም፣ ቀዶ ጥገናውም ያስፈልጋታል፤ እናቷም፣ ጎረቤቷም፣ ገንፎዋም ያስፈልጋታል። ይህን የተረዱ ጤና ጣቢያዎች አሉ። ግቢያቸው ውስጥ ገንፎ እንዲገነፋ፣ ቡና እንዲፈላ ፈቅደዋል፤ እናት ወይም አማት እንድትገባ ፈቅደዋል። የጤና ሚኒስቴርም ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ባለሙያው ርኅሩኅና አክባሪ ይሁን ሲል በዕቅዱ አስፍሯል። የልምድ አዋላጆችን ግን በአንድ ቀን ከሥራ አውጥተን ቤታቸው አስቀመጥናቸው። እትብት በምላጭ መቁረጡ፣ ለሕፃኑ በእንገር ፈንታ ቅቤ ማቅመሱ ይቅር፤ ትክክል ነው። ያን ሁሉ ሌሊት ወገብ ደግፎ የመቆየት ዕውቀታቸው ግን ለምን ይቅር? ወላዷን ይዘው ይምጡ፣ ምጥ ቤት ገብተው እጇን ይያዙ። አዋላጅ ነርሷ አንድ ናት፣ ወላዶቹ ሦስት ይሆናሉ፤ እጅ ይጨምሩላታል።

ስለ መንገዱ ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ጦርነት ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬም ከዚያ አላመለጡም። ሂውማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2016 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በክልሉ በጤና ባለሙያዎች፣ በሕሙማንና በጤና ተቋማት ላይ የደረሰውን ጥቃት፣ አምቡላንሶች የደረሰባቸውንም ጭምር መዝግቧል። መንገድ ሲዘጋ፣ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ ስልክ ሲጠፋ፣ ምጥ ግን ቀጠሮ አያስተላልፍም። ብዙ ዓመት የተለፋበትን መንገድ ጦርነት ወደ ቃሬዛው ይመልሰዋል፤ ያውም ጎረምሶቹ ተሰብስበው ለመሸከም በሚፈሩበት ጊዜ።

ስለዚህ መሣሪያ ለያዛችሁ ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ብትሆኑ፣ አንድ ልመና አለኝ፤ ምጥ የያዛትን ሴት የጫነ መኪናም ቃሬዛም አሳልፉ፣ ሌሊትም ይሁን ቀን። ለአዋላጅ ነርሶች፦ ከእናንተ በላይ የደከመ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንዲት ሴት አብራት ትግባ፣ ስሟንም ጠይቋት። ለወረዳ ኃላፊዎች፦ አምቡላንሱ የወሰዳትን እናት መልሶ ያድርሳት።

ለእናንተም፣ ለምታነቡኝ። ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለች ማርያም በሽልም ታውጣሽ ብላችሁ ብቻ አትለፏት። ማን አብሯት እንደሚሄድ፣ ልጆቿን ማን እንደሚጠብቅ፣ በሌሊት ቢመጣ መኪናው ወይም ቃሬዛው ከየት እንደሚነሳ ዛሬ ተቀምጣችሁ ከእሷ ጋር ጨርሱ።