ባለ አፍንጫ ጎታች፣ ፒተርቢልት 379

የአሉሚኒየም ጋቢና፣ የብረት ሻንሲ
አሜሪካ፤ ከ1987 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. የተመረተ ሞዴል

ከጎን ቆመው ይመልከቱት፤ ሞተሩ ያለው ከጋቢናው ፊት፣ በረጅሙ ኮፈን ሥር ነው። በአውሮፓ እንዲህ ያለ አፍንጫ ውድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ1996 ባወጣው መመሪያ ጎታቹና ተሳቢው አንድ ላይ ከ16.5 ሜትር መብለጥ የለባቸውም፤ ኮፈኑ የሚወስደው ቦታ ከጭነቱ ይቀነሳል። የአውሮፓ ሾፌር ሞተሩ ላይ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው። በአሜሪካ የ1982ቱ የፌዴራል ሕግ ግዛቶች በዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች ላይ የጎታችና ተሳቢን ጠቅላላ ርዝመት እንዳይገድቡ ከለከለ። ዛሬ በዚያ የተለመደው ተሳቢ ብቻውን 16.15 ሜትር ነው፤ የአውሮፓውን ከነጎታቹ ሊያክል ምንም አልቀረው።

በክብደት ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሜሪካ በኢንተርስቴት መንገዶች ላይ የምትፈቅደው 80,000 ፓውንድ፣ ማለትም 36.3 ቶን ገደማ ሲሆን የአውሮፓው መመሪያ ለባለ አምስት አክስል 40 ቶን ይፈቅዳል። የአውሮፓ አንድ ነጂ አክስል እስከ 11.5 ቶን ይሸከማል። በአሜሪካ ነጠላ አክስል ከ9.07 ቶን፣ ጥንድ አክስል ደግሞ ከ15.4 ቶን ማለፍ አይችልም። ከኋላ የሚያዩት ጥንድ አክስል የዚህ ደንብ ውጤት ነው።

በጥንዱ አክስል ላይ ያለው ጥቁር ሳህን የተሳቢው መግጠሚያ ነው፤ በሐዲዱ ላይ ይንሸራተታል። ሾፌሩ ሚዛን ላይ ወጥቶ የፊቱ አክስል ከከበደበት ሳህኑን ወደ ኋላ ይስበዋል።