የጓሮ ጎመንና ሐምሌ 19

ሰሞኑን ሎረንስቪል ከቤቴ ጓሮ ጎመን ልተክል ዶማ ይዤ ብወጣ፣ ያገኘሁት እንደ ሸክላ የጠጠረ ቀይ አፈር ነው። የላይኛው ለም አፈር በጥጥ እርሻ ዘመን በጎርፍ ታጥቦ ሄዷል። የጆርጂያን ጥጥ ያረሱት መጀመሪያ ባሮች፣ ከ1865 (እ.ኤ.አ.) በኋላም በአብዛኛው መሬት አልባ የእኩል አራሾች ነበሩ። የራሱ ላልሆነ አፈር ማን እርከን ይሠራል?

ጥያቄው አዲስ አበባ ወሰደኝ። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ፤ ለመኖሪያ የሚፈቀደውንም በ500 ካሬ ሜትር ወሰነ። ተከራዩን ከባለርስቱ ጫና ማላቀቁን አልክድም። ዳሩ ግን በባለርስቱ ወንበር የተቀመጠው ነዋሪው ሳይሆን መንግሥት ነበር። ደርግ ወድቆም የ1986ቱ የሊዝ አዋጅና የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ይህን አልለወጡም። በሊዝ ጨረታ ደግሞ ጎመን ከፎቅ ጋር አይወዳደርም።

በአቃቂ ወንዝ ዳር፣ በቄራና በመካኒሳ፣ አትክልተኞች ለአሥርተ ዓመታት ቆስጣና ሰላጣ እያለሙ ከተማዋን መግበዋል። የሚያጠጡት ግን የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ የተቀላቀለበት ውኃ ነበር፤ በአትክልቱም መርዛማ ብረታ ብረቶች በጥናት ተገኝተዋል። ነገ ልነሳ እችላለሁ የሚል ሰው አፈር ለማከም ገንዘብ አያፈስም።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «የሌማት ትሩፋት» ከተሜውንም በጓሮህ አልማ ይለዋል። መልካም ነው። ነገር ግን ከዘሩ በፊት የይዞታ ዋስትና ይቅደም እላለሁ። የጆርጂያ ቀይ አፈር ምስክሬ ነው።